የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ወሽመጡን ከመምረጥ በፊት ነፋሱን ማየት

ጥያቄ፦ ልጄ ማልታ ትኖራለች፤ ልትወስደኝ ቪዛ ጀምራልኛለች። ጎዞ በምትባለው ደሴት ኢምጃር ኢሽ ሺኒ የሚሉት፣ ሰው የማይበዛበትና ማዕበል የማይደርስበት ትንሽ የባሕር ዳር አሳይሻለሁ ትላለች። መቼ ብሄድ ይሻላል? መኪና የላትም፣ እኔም ጉልበቴን ያመኛል፤ እንዴት እንደርሳለን?
አንዲት እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ መልካም ቦታ መርጣለች፤ ግን በየቀኑ ጸጥ ይላል ማለት አይደለም። ባሕሩ በሁለት የኖራ ድንጋይ ገደሎች መሃል ሰርስሮ የገባበት ጠባብ ወሽመጥ ነው። አፉ የተከፈተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በማልታ ዘወትር የሚነፍሰው ማጅስትራል የተባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲሆን፣ እሱን ከኋላ ያለው መሬት ይከልለዋል፤ ውሃውም ይረጋል። ሽሎክ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ከተነሳ ግን ሞገዱ በአፉ ቀጥ ብሎ ይገባል። ያን ቀን በሰሜን ጠረፍ ወዳለው፣ ቀይ አሸዋ ወዳለበት ራምላ መሄድ ይሻላል፤ እዚያ አውቶቡስም ይደርሳል። ትንበያ ሲያዩ የሚጠራው አቅጣጫ ነፋሱ የሚመጣበት እንጂ የሚሄድበት አለመሆኑን ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። (ሐዋርያው ጳውሎስን መጽሐፍ መላጥያ ወደሚላት ወደዚህችው አገር የገፋው አውራቂስ ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነው፤ ዛሬ ግሪጋል ይሉታል፤ የሚበረታው በብርዳቸው ወራት ነው።)

ሐምሌንና ነሐሴን ይተዉት። ነሐሴ 9፣ በእነሱ ኦገስት 15፣ ሳንታ ማሪያ የሚሉት የእመቤታችን በዓል ስለሆነ ደሴቲቱ ትጨናነቃለች፤ ለእርስዎም ፍልሰታ ነው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ይመረጣል፤ ባሕር የሰበሰበውን ሙቀት ቶሎ ስለማይለቅ ውሃው ያኔም ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ይሆናል። በሚያዝያ ፀሐዩ ደስ ቢልም ውሃው ገና 16 ወይም 17 ዲግሪ ነው። የመጸው ጉዳቱ ድንገተኛ ዝናብ ነው፦ ወሽመጡ የሸለቆ መጨረሻ በመሆኑ ጎርፉ ሁሉ እዚያው ይወርዳል። ከዝናብ በኋላ ውሃው እስኪጠራ አንድ ሁለት ቀን ይታገሡ።

ጉዞው እንዲህ ነው። በአውቶቡስ እስከ ቺርከዋ ወደብ ይሄዳሉ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ከሆነ ኤክስ 1 የተባለው ይወስዳል። ከዚያ ወደ ጎዞ በሚያሻግረው መርከብ፣ በፌሪ፣ 25 ደቂቃ ያህል ነው፤ ትኬት የሚጠየቀው ከጎዞ ሲመለሱ ነው። ችግር የሚፈጥረው ስሙ ነው። በዋናዋ ማልታ ኢምጃር የሚባል መንደር አለ፤ በጎዞ ፌሪው የሚቆምበት ወደብም ኢምጃር ነው፤ የእርስዎ ደግሞ ኢምጃር ኢሽ ሺኒ። ለባለ ታክሲው ሙሉውን ስም ካልነገሩት ከወደቡ ፈቅ ሳይሉ «ደርሰናል» ሊላችሁ ይችላል። ከወደቡ በገደሉ ጠርዝ የእግር መንገድ ቢኖርም ወጣ ገባ ስለሆነ ለጉልበትዎ አይሆንም። በታክሲ ይሂዱ፤ ቁልቁለቱ ጠባብ ስለሆነና እዚያ ታች ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ስለማይገኝ የመመለሻውን ሰዓት ከመውረድዎ በፊት ይነጋገሩ። በሰዓት እንዳትተላለፉ ደግሞ፦ «8» ያለ እንደሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። በዚያ ሰዓት ከደረሱ ቦታው የእርስዎ ነው።

ዳርቻው ትንሽና ጠጠር የበዛበት ነው፤ ስስ ፎጣ ብቻ ይዞ መቀመጥ ወገብ ያሳምማል። ወፍራም ምንጣፍና ለሰው 2 ሊትር ውሃ ይያዙ፤ ሱቅ አገኛለሁ ብለው አይሂዱ። ቀትር ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። አፉ ላይ የቆመው የጥበቃ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1661 የተሠራ ነው፤ እዚህ አፄ ፋሲል በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው።

ለቪዛው፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆኑን ልጅዎ ታረጋግጥ። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ይገባል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን ጊዜው አልፏል።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ወደ ቆጵሮስ ልሄድ ነው። በጥምቀት ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዘልዬ እገባለሁ፣ ጎርጎራም ዋኝቻለሁ። ማዕበል በሌለበት ወሽመጥ ውስጥ ምን ያሰጋል?
ከማራኪ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሚያሰጋው ራሱ ጸጥታው ነው። ወሽመጡን የሚያረጋው ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነው፤ ዳር ላይ ለጥ ያለ ውሃ እያሳየ ኳስና በአየር የሚነፋ ተንሳፋፊ ግን ወደ ውጭ ይገፋል። ኳሱ ከሄደ ይሂድ፤ አትከተለው። ሲሄዱ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ ይቀላል፤ ሲመለሱ ግን ፊት ለፊት ይመጣል። ስለዚህ ወደ መሃል ሳይሆን ዳሩን ይዘህ ዋኝ፤ የወሽመጡን አፍም አትለፍ፤ ከዚያ ውጭ የሞተር ጀልባዎች ይመላለሳሉ።

በጣና የለመድከው እዚህ ይለያል። ሜዲትራኒያን በአንድ ሊትር 38 ግራም ገደማ ጨው ስላለው ሰውነት ቶሎ ይንሳፈፋል፤ ጀማሪውም ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። ቢልሃርዝያ ባሕር ውስጥ የለም። የባሕሩ ከፍና ዝቅ ማለትም በአብዛኛው ከጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ከቋጥኝ ላይ መዝለል ግን ይቅርብህ፤ ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ጥልቀቱን ዓይን አይለካውም። መጀመሪያ ከታች ዋኝተህ ሂድና ቦታውን ፈትሽ። በትንንሽ ወሽመጦች ነፍስ አድን ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አይኖርም፤ የአደጋ ጥሪው 112 ነው።

ጥያቄ፦ ጄሊፊሽ ቢነድፈኝ ወይም የባሕር ጃርት ብረግጥ ምን ላድርግ?
ከፒያሳ

መልስ፦ ለሁለቱ የሚደረገው የተለያየ ነው። በዚያ ባሕር የሚበዛው ሐምራዊው ጄሊፊሽ ከነደፈ በራሱ በባሕሩ ውሃ ይታጠቡ፤ የቧንቧ ውሃ ያልፈነዱትን መርዘኛ ከረጢቶች ያፈነዳቸዋል። አይሹት። ሽንት የሚሉትን አይስሙ፤ ለዚህኛው ዓይነት ኮምጣጤም አይመከርም። ቤኪንግ ሶዳ ከባሕር ውሃ ጋር እኩል በእኩል ለውሰው 2 ደቂቃ ያቆዩበት፤ የቀረውን ክር በወረንጦ ያንሱ፤ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያድርጉ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት ካበጠ ወደ 112 ነው።

የጃርቱ እሾህ ተሰባሪ ነው። በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርገው በወረንጦ ይሳቡ፤ እግርዎን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ፣ 40 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ባለ፣ ለ30 ደቂቃ መዘፍዘፍ ሕመሙን ያስታግሳል። እሾሁ መገጣጠሚያ አጠገብ ከተሰበረ ራስዎ አይቆፍሩት፤ ሐኪም ያውጣው። ጃርቱ የሚኖረው ድንጋይ ላይ ስለሆነ ተራው ኮንጎ ጫማ አብዛኛውን ያስቀራል፤ ከጎን ባለው ቀዳዳ ግን እሾህ ሊገባ ይችላልና ካልሲ ያድርጉበት።