ስለ ቫይታሚን ጠይቃችሁኝ፦ ከዳፍንት እስከ ቢጫ ሽንት

ስለ ቫይታሚን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው እንደ ጉድ ወረደ። ዶክተር አትበሉኝ፣ ፋርማሲስት ነኝ። ቫይታሚን እየሸጥኩ ነው የምውለው። ስለዚህ «አትግዙ» ስላችሁ የራሴን ገበያ እየዘጋሁ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

«የአራት ዓመት ልጄ ቀን ደህና ነው። ሲመሽ ግን በርጩማ ላይ ይደናቀፋል፣ በሩን በእጁ ይዳብሳል። ምን ይሆን?»

እህቴ፣ ነገ ዛሬ ሳትይ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። የገለጽሽው ዳፍንትን ይመስላል። ዓይን በደብዛዛ ብርሃን የሚያይበት ቀለም አለው፣ የሚሠራውም ከቫይታሚን ኤ ነው። ቫይታሚኑ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው የማታ እይታ ነው። ዝም ከተባለ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ መጨረሻው መታወር ነው።

የክትባት ካርዱን ይዘሽ ሂጂ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ ይሰጣቸዋል፦ ዓመት ላልሞላው 100,000 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ ላለው 200,000። ያቺን ቀይ እንክብል ጫፏን በመቀስ ቆርጠው አፉ ውስጥ ጠብ ሲያደርጉ አይተሽ ይሆናል። አምልጦት እንደሆነ ንገሪያቸው።

ቤት ውስጥ ጉበት፣ የእንቁላል አስኳል፣ ካሮት፣ ማንጎ፣ ጎመን ስጪው። ጎመኑ ግን ዘይት ወይም ቅቤ ይንካው፣ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። አንቺ እርጉዝ ከሆንሽ ጉበት አታብዢ፣ ሲበዛ ፅንሱን ይጎዳል።

«የ13 ወር ፀጋ አገር ላይ ቫይታሚን ዲ እንዴት ይጎድላል?»

ፀሐይዋ አለች፣ ቆዳችን ነው የሌለው። አራስ ልጅ ብርድ እንዳይመታው፣ ሰው ዓይን እንዳይገባ እየተባለ እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ ይከርማል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ «ፀሐይ እያሞቅነው ነው» ብለው በመስኮት መስታወት ጀርባ ያስተኙታል። መስታወት ሙቀቱን ያሳልፋል እንጂ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር ያስቀራል። የእናት ጡት ወተትም ዲ ላይ ደካማ ነው። አጥንቱ ሳይጠነክር መራመድ ሲጀምር እግሩ ይቆለመማል፤ ሪኬትስ ይሉታል። ጠዋት ጠዋት ውጭ አውጥታችሁ እጅና እግሩን ግለጡለት፣ ፊቱን ከልሉለት።

ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። ውጭ እሳት እየዘነበ እናንተ ግን ፀሐይ የማታዩበት ወር አለ። ስቶክሆልም ያላችሁማ ክረምት ላይ ብትወጡም ፀሐይዋ አቅም የላትም።

«ሁሉንም አጽዋማት እጾማለሁ። ቢ12 አነሰህ ተባልኩ። ጾሙ ነው?»

ወንድሜ፣ ጾሙ ላይ ለመፍረድ አትቸኩል። ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ ሽሮ፣ ምስርና እንጀራ አይሰጡትም። ነገር ግን ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ያጠራቅማል። በፍስክ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ የሚያገኝ ሰው መልሶ ይሞላዋል። የሚቸገረው ኪሱ ባዶ ሆኖ ፍስኩም እንደ ጾም የሚያልፍበት ሰው ነው። ሌላም ምክንያት አለ፦ ዕድሜ፣ የጨጓራ ችግር፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ የጨጓራ አሲድ መቀነሻው ኦሜፕራዞል ወይም የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን። የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪምህ ንገረው። እግርህ ከደነዘዘ ግን አትጠብቅ፣ የነርቭ ጉዳት ሲቆይ አይመለስም።

«ስከርቪ የመርከበኞች በሽታ አይደለም እንዴ? እኛን ምን አገባን?»

ስከርቪ የሚመጣው ቫይታሚን ሲ ሲጎድል ነው። በ1747 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሊንድ የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም 12 በሽተኛ መርከበኞች ላይ ስድስት ዓይነት ነገር ሞከረ። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በቀናት ውስጥ አገገሙ። ለኛ ግን ቅርብ የሆነው ሌላ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሱዳንና ሶማሊያ መጠለያ ውስጥ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በስከርቪ ተይዘዋል። እህል ይሰፈርላቸዋል፣ ዘይት አለ፣ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ግን የለም። ድዳቸው ደማ፣ ጉልበታቸው አብጦ መራመድ አቃታቸው።

መዳኛው ኮ ቀላል ነው። ጥሬ ቃሪያ በግራም ሲለካ ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው። ሽንኩርትና ቲማቲም የተሞላ ስንግ ምሳ ላይ የማይቀርበት ሰው የሲ ክኒን ለምን እንደሚገዛኝ አይገባኝም።

«ቢ ኮምፕሌክስ ጀምሬ ሽንቴ ደማቅ ቢጫ ሆነ። ኩላሊቴ ነው?»

አይደለም። ክኒኑ ውስጥ ያለው ቢ2 ነው፣ የተረፈው በሽንት ሲወጣ ያቀልመዋል። ብርህን ነው የሸናኸው።

«ሠርጌ ደርሷል፣ ትንሽ የሚያወፍር ቫይታሚን ስጠኝ።»

እንዲህ ያለ ቫይታሚን የለም። ቫይታሚን ካሎሪ የለውም። «የምግብ ፍላጎት» ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ሽሮፖች ውስጥ ያለው ሲፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው። ያስርባል፣ ግን ያስተኛል። በሠርግሽ ቀን እንዳታንቀላፊ።

«ለማርገዝ እያሰብን ነው። ፎሊክ አሲድ የምጀምረው ስፀንስ ነው አይደል?»

አይደለም፣ አሁን ነው። የልጁ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚወጣበት ቱቦ ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን ገና አላወቀችም። ፎሊክ አሲድ ካነሰ ቱቦው ሳይዘጋ የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል። ምስርና ጎመን ጥሩ ናቸው፣ ለዚህ ግን ብቻቸውን አይታመኑም። በቀን 400 ማይክሮግራም ውሰጂ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ልጅ ወልደሽ ከነበረ መጠኑ በጣም ስለሚጨምር ሐኪም ይዘዝልሽ። ሌላውን አትግዙ እያልኩ አመሸሁ፣ ይሄንን ግን ግዢ።