የ1966ቱን ኤም ጂ ቢ የኋላ አክስልና ፍሬን ስለ መቀየር

ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው ክፍት ኤም ጂ ቢ (እንግሊዝ ሠራሽ የስፖርት መኪና) መኪናዎ ፍሪሲዮን ሲለቁ ከኋላ በኩል ጓ የሚል ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ከ1970ዎቹ ሞዴል የተፈታ ሙሉ የኋላ አክስል እንዳገኙና እሱን ከነፍሬኑ እንዳለ ቢገጥሙት ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚህ ሜሪላንድ ቤቴ ጋራዥ ውስጥ በዚያው ዘመን በተሠራ መኪናዬ ላይ ይህንኑ ሥራ ስለ ሠራሁት፣ የደረሰብኝን ጨምሬ እጽፍልዎታለሁ። አክስሉን መቀየር ይቻላል፤ ፍሬኑን ግን እንዳለ እንዳይገጥሙት።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ድምፁ በእርግጥ ከዲፍረንሻሉ፣ ማለትም በአክስሉ መካከል ካለው የጥርሶች ስብስብ፣ የሚመጣ መሆኑን ያረጋግጡ። መኪናዎ ባለ ራጂ (በቀጫጭን ሽቦዎች የተወጠረ) ቸርኬ ስለሆነ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዘው የኋላውን ጎማ በክሪክ ያንሡና በእጅዎ ወደፊትና ወደኋላ ለማዞር ይሞክሩ። ታምቡሩ ቆሞ ጎማው ብቻ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ያለቀው ቸርኬው የሚቀመጥበት የእምብርቱ ጥርስ እንጂ ዲፍረንሻሉ አይደለም። ከማርሽ ሳጥኑ ኃይል ወደ አክስሉ የሚያደርሰውን የካርዳኑን ዘንግ መጋጠሚያ፣ ክሮቼራውንም እንዲሁ በእጅ ይፈትሹ። ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ በዲፍረንሻሉ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ጥርሶች ጀርባ የሚገቡት ሮንዴላዎች (ስስ ቀለበቶች) ማለቃቸው የተለመደ ነው።

በአቢንግደን ፋብሪካ ከ1962 ጀምሮ የተሠሩት ክፍት ኤም ጂ ቢዎች ባንጆ የሚባለው ዓይነት አክስል ነበራቸው፤ ጣሪያ ያለው ጂ ቲ በ1965 ሲወጣ ግን ቱቦ ዓይነት የሚባለውን፣ የበለጠ ጠንካራና ጸጥ ያለውን አክስል ይዞ ነው የመጣው፤ ክፍቱም በ1967 ወደዚሁ ተዛወረ። የጥርሱ ምጣኔ በሁለቱም 3.909 ለ 1 በመሆኑ የፍጥነት መለኪያዎ አይዛባም። የማይመሳሰሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው። የካርዳኑ ርዝመት ስለሚለያይ የሁለቱንም መኪና ካርዳን ሳይለኩ ሥራ አይጀምሩ። ለራጂ ቸርኬ የተሠራው አክስል በብሎን ለሚታሰረው ቸርኬ ከተሠራው ጠበብ ይላል፤ የሚገዙት የትኛው እንደሆነ ሻጩን በቃል ብቻ አይመኑት፣ እምብርቱን በዓይንዎ ይዩት። ከተቻለም ካርዳኑን፣ የእጅ ፍሬን ገመዱንና አክስሉን ከባሌስትራው (ከተደራረበው የብረት ሞላ) ጋር የሚያስሩትን ዩ ቅርጽ ብሎኖች ከዚያው መኪና አብረው ይውሰዱ። እኔ ገመዱን ትቼው በመምጣቴ አንድ ሳምንት ቆሜያለሁ።

መፍታቱ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ዝገት የያዘው ዳዶ ትዕግሥት ይፈትናል እንጂ ብልሃት አይጠይቅም። ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ማላቀቂያ ይርጩበት፣ መኪናውን በክሪክ ላይ ሳይሆን በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፉ፣ አክስሉን ሲያወርዱም ሁለተኛ ሰው ከጎንዎ ይኑር።

ዋናው ጉዳይ ፍሬኑ ነው። እኔ የገዛሁት አክስል የፍሬን ሸራው (ታምቡሩን እየፈተገ የሚያቆመው) ገና ወፍራም ስለነበረ አቧራውን ጠርጌ እንዳለ ገጠምሁት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የእጅ ፍሬኑ ቁልቁለት ላይ መያዝ አቆመ፤ ታምቡሩን ስፈታው ሸራው በዲፍረንሻል ዘይት ርሶ አገኘሁት። ጥፋቱ በከፊል የአሮጌው ፓራዮሊ (የዘይት ማገጃ ጎማ)፣ በዋናነት ግን አክስሉ ላይ ያለችው ትንሿ መተንፈሻ በጭቃ መደፈኗ ነበር። አክስሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በፓራዮሊው በኩል ገፍቶ ወደ ፍሬኑ ይሰደዋል። ስለዚህ አክስሉ መሬት ላይ ሳለ፣ ብርሃንና ቦታ እያለዎት፣ መተንፈሻዋን በሽቦ ይክፈቱ፤ ፓራዮሊዎቹን፣ ሸራዎቹን፣ የጎማ ሲሊንደሮቹንና የፍሬን ቱቦዎቹን በሙሉ ይቀይሩ። ሲሊንደሩን ከጀርባ ሳህኑ (ፍሬኑ ከተገጠመበት ቆርቆሮ) ጋር የምትይዘውን ቀለበት መኪናው ሥር ተኝተው ለማስገባት ከሞከሩ፣ በዚህ ዕድሜዬ የማልናገረውን ቃል እንደ እኔ ይናገራሉ። አሮጌው ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አቧራውን በአየር ግፊት አይንፉት፤ በውኃ አርጥበው ይጥረጉት።

በቱቦ ዓይነቱ አክስል ላይ የሴሚያሱ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ጫፍ ዳዶ 150 ፓውንድ ጫማ ኃይል ይጠይቃል፤ የስንጥቅ ፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ አጥብቀው ወደሚቀጥለው ያድርሱት እንጂ ወደኋላ አያላሉት። እምብርቶቹን ከፈቷቸው ግራና ቀኙን እንዳያምታቱ፦ የግራው ጎማ ትልቅ ዳዶ እንደ ተለመደው ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ የቀኙ ግን በተቃራኒው ነው፤ ከተቀያየሩ ጎማው በጉዞ ላይ ራሱን ይፈታል። የባሌስትራውን የጎማ ቡሽ የሚያጠብቁትን ዳዶዎች መጨረሻ ላይ፣ መኪናው በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ያጥብቁ፤ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ቡሹ ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ከጀርባ ሳህኑ ባለችው ባለ አራት ማዕዘን ማስተካከያ ሸራውን ጎማው እስኪቆም አጥብቀው፣ በነጻነት እስኪዞር ብቻ ያላሉ፤ የእጅ ፍሬን ገመዱን ማስተካከል የሚመጣው ቀጥሎ ነው። አየር ሲያወጡ ከፍሬን ፖምፓው በጣም ከሚርቀው፣ መሪው በግራ ለሆነ መኪና ከቀኙ የኋላ ጎማ ይጀምሩ።

በኋላ በኩል ዲስክ ፍሬን ይሻል እንደሆነም በጥያቄዎ ዳር አንሥተዋል። መኪናው ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ነው፣ ፊቱም ዲስክ አለው፤ ሲቆምም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። በደንብ የተስተካከለ ባለ 10 ኢንች ታምቡር ለመንገድ ይበቃዋል። ለዲስክ ያሰቡትን ገንዘብ ለአዲስ ፓራዮሊና ለፍሬን ቱቦ ያውሉት፤ መቶ ማይል ያህል ከነዱ በኋላም ዩ ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ፣ የጀርባ ሳህኖቹን ሥር በጣትዎ ዳስሰው ዘይት መኖር አለመኖሩን ይዩ።