ጥያቄና መልስ፦ «አገልግሎቴ ተቋረጠ፤ ሕይወቴም ባዶ ሆነብኝ»

ጥያቄ፦ መምህር፥ በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ክፍል ለ11 ዓመታት አገልግያለሁ። ካገባሁና ልጆች ከወለድሁ በኋላ፥ በተለይም አማቴ በስትሮክ ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ወዲህ፥ ይኸው 2 ዓመት አገልግሎቴ ተቋርጧል። በሙያዬ ነርስ ነኝ። ከሌሊት ተረኛነት ስመለስ እሳቸውን አጥባለሁ፤ ከዚያ ልጆቹን ትምህርት ቤት እሸኛለሁ። በበዓል ቀን ጓደኞቼ የመዘምራኑን ልብስ ለብሰው ሲዘምሩ ሳይ እንባዬ ይቀድመኛል። መክሊቴን ቀብሬ በሥጋዊ ሥራ ዕድሜዬን የጨረስሁ ይመስለኛል። ሠራተኛ ቀጥሬ ወደ አገልግሎቴ ልመለስ? ይምከሩኝ።

መልስ፦ የተወደድሽ እኅቴ፥ ከጥያቄሽ ሁሉ ዐይኔ ያረፈው «ሥጋዊ ሥራ» ባልሽው ቃል ላይ ነው። ይህን ቃል ከብዙ ምእመናን አፍ ሰምቼዋለሁ። መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ የቤት እመቤቷም፣ በዐረብ ሀገር ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችንም ሕይወታቸውን ለሁለት ይከፍሉና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለውን መንፈሳዊ፥ ከበሩ ውጭ ያለውን ሥጋዊ ይሉታል። ከሳምንቱ 168 ሰዓታት በቅጥሩ ውስጥ የሚያሳልፉት ጥቂቱን ስለ ሆነ፥ የቀረው ዕድሜያቸው ለእግዚአብሔር እንዳልዋለ ቈጥረው ያዝናሉ። ኀዘናቸው እውነተኛ ነው፤ ክፍፍሉን ግን ከወንጌል አላገኙትም።

ቅዳሴው ሲፈጸም ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» እንደሚል ታውቂያለሽ። አብዛኞቻችን ይህን ቃል ነጠላችንን እያስተካከልንና ጫማችንን እየፈለግን ስለምንሰማው «አለቀ፥ ተበተኑ» እንደ ማለት እንወስደዋለን። በግእዝ ግን «አተወ» ማለት ወደ ቤቱ ተመለሰ፥ ገባ ማለት ነው፤ ዲያቆኑም «በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ» እያለን ነው። ሥጋውንና ደሙን የተቀበለ ሰው የሚላከው ወደ ቤቱ ነው። ጌታችን በጌርጌሴኖን አገር አጋንንት የነበሩበትን ሰው በፈወሰው ጊዜ ሰውዬው ከእርሱ ጋር ይኖር ዘንድ ለመነው። ከጌታ ጋር ከመኖር የሚበልጥ ምን ልመና አለ? ጌታ ግን አልፈቀደለትም፤ ወደ ቤቱና ወደ ቤተ ሰዎቹ ሄዶ የተደረገለትን ምሕረት እንዲያወራላቸው አዘዘው (ማር. 5፥18-19)። ያ ሰው ተጣለ ወይስ ተላከ? አንቺ ተጣልሁ ብለሽ የምታለቅሽበት ስፍራ የተላክሽበት ቢሆንስ?

መክሊቱን ቀብሬአለሁ ማለትሽም ሌባ ሆኖ ልብሽን የሚሰርቅሽ ፍርሃት ስለ ሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። የመክሊቱ ምሳሌ የተጻፈው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ነው፤ እዚያው ምዕራፍ ላይ፥ ምሳሌው እንዳበቃ፥ የመጨረሻው ፍርድ ይከተላል። ጌታ በቀኙ የቆሙትን «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ይላቸዋል እንጂ ስንት መዝሙር እንዳጠኑ አይጠይቃቸውም። ይህን የምለው መዝሙርን ለማቃለል አይደለም፤ እኔም ያደግሁት በመዝሙር ነው። ነገር ግን ድምፅሽ ከተሰጡሽ መክሊቶች አንዱ ነበር፤ በሽተኛን ሳይሰቀቁ የሚያነሡ እጆችሽም ሌላው ናቸው፤ እነርሱን ደግሞ አልቀበርሻቸውም።

በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ጐንበስ ብሎ፥ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥብ ዐይናችን እንባ ያቀርራል። አንቺ በየማለዳው ሳፋውን ከአልጋው አጠገብ አኑረሽ፥ የውኃውን ሙቀት በክንድሽ ለክተሽ፥ አልታዘዝ ያላቸውን እግራቸውን በአንድ እጅሽ ደግፈሽ፥ በጣቶቻቸው መካከል ስታጥቢና ቆዳቸው እንዳይቈስል ቀስ ብለሽ ስታደርቂ የምታደርጊው ምንድን ነው? «እኔ ለእናንተ እንዳደረግሁ እናንተ ደግሞ ታደርጉ ዘንድ ምሳሌ ሰጥቻችኋለሁና» ያለው ጌታ ይህን በዓመት አንድ ቀን ብቻ እንድናደርገው አላዘዘም። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስም በቂሣርያ ለድሆችና ለሕሙማን መጠለያ ያሠራ፥ ሰው የሸሻቸውን ለምጻሞች ቀርቦ የሚስም አባት ነበር። በቅዳሴውና በሕሙማኑ አልጋ መካከል ግንብ አላቆመም።

የመነኮሳት አባት ስለ ሆነው ስለ ቅዱስ እንጦንስ የሚነገር ነገር አለ። በበረሃ ሳለ፥ በከተማ የሚኖር አንድ ሰው በክብር እንደሚተካከለው ተገለጠለት። ሰውዬው ሐኪም ነበር፤ ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች ይሰጥ ነበር፤ ዕለት ዕለትም ከመላእክት ጋር «ቅዱስ፥ ቅዱስ፥ ቅዱስ» ይል ነበር። ይህን በሙያ የአንቺ ወንድም የሆነ ሰው አስቢው።

ነገር ግን የሐኪሙን ምስጋና አትርሺ። «ሥራዬ ጸሎቴ ነው» እያሉ ከቅዳሴ የራቁ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራውም ጸሎቱም በእጃቸው ደርቆ አገኘኋቸው። በሌላ በኩል በየዓመቱ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወርድ፥ ከጽዋ ማኅበሩ የማይቀር፥ ቤት ውስጥ ያሉትን አዛውንት አባቱን ግን ለጎረቤት የተወ ወንድም ገጥሞኛል። ለእርሱ የነገርሁት ጌታ ስለ ቁርባን የተናገረውን ነው (ማር. 7፥9-13)፤ ለእግዚአብሔር ሰጠሁት ብሎ ለአባትና ለእናት የሚገባውን የሚከለክል ሰው የእግዚአብሔርን ቃል ይሽራል። ቃሉ ከባድ ነበርና ተቀየመኝ፤ ብለሰልስለት ኖሮ ግን ዋሽቼው ነበር።

አንቺን እንዲህ አልገሥጽሽም። ባዶነትሽ ድካምም ሊሆን ይችላል። ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ ስለ ጥሪው አላስተማረውም፤ «ተነሥተህ ብላ» አለው፤ በልቶም ጠጥቶም ደግሞ ተኛ (1ኛ ነገ. 19፥4-6)። ሌሊት ቆመሽ አድረሽ ቀን ሕመምተኛ እያነሣሽ፥ ነፍስሽ ደስታ አጣች ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ።

ስለዚህ ሠራተኛ መቅጠር ኃጢአት አይደለም፤ አቅምሽ ከፈቀደ ቅጠሪ፤ ደመወዟን ሳታጓድይ ክፈይ፤ ለእርሷም እሑድ የቅዳሴ ቀኗ እንዲሆን አድርጊ። ባለቤትሽንም በግልጽ አነጋግሪው፤ የታመሙት እናቱ ናቸውና የማጠቡ ነገር የሴት ሥራ ነው ተብሎ ለአንቺ ብቻ ሊጣልብሽ አይገባም። ከዚህ በሚገኘው ጊዜ መጀመሪያ ተኚ፤ ቀጥሎ ንስሐ ገብተሽ ቍረቢ። ከዚያ የሚተርፍ ሰዓት ካለሽ ወደ ጥናቱ ተመለሺ፤ መዘምራኑም ደስ ይላቸዋል። ከአማትሽ አልጋ ለመሸሽ ብለሽ ግን አትመለሺ። እስከዚያው የምታውቂውን መዝሙር እያጠብሻቸው ዘምሪላቸው፤ መናገር ቢሳናቸው እንኳ ይሰማሉ።

አንድ ነገር ግን በጥያቄሽ ውስጥ አላገኘሁም። በእነዚህ 2 ዓመታት የንስሐ አባታችሁ ወደ ቤታችሁ መጥተዋልን? ሐዋርያው ያዕቆብ የታመመ ሰው ቀሳውስትን ይጥራ፥ እነርሱም ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት ይላል (ያዕ. 5፥14)። ሰዎች ቀንዲልን፥ ይህን የሕሙማን ቅብዐት፥ የሞት ምልክት አድርገው ስለሚፈሩት ይዘገያሉ፤ እርሱ ግን ለድኅነት የተሰጠ ምሥጢር ነው። በዚህ ሳምንት ንስሐ አባታችሁን ጥሪያቸውና ስለ አማትሽ አማክሪያቸው። እሳቸው በመጡ ጊዜ አንቺም ከአልጋው አጠገብ ቆመሽ ጸሎቱን ተቀበዪ።