ትልቋን ልጅ አያቷ ዘንድ ከመላክ አያቷን ጅማ ማስመጣት ይሻላል

ውድ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። 1 ዓመት ከ8 ወር የሆናት ልጅ አለችሽ፤ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነሽ፤ ኅዳር ላይ ትወልጃለሽ። ጅማ ውስጥ የቅርብ ዘመድ የለሽም፤ ባለቤትሽ በአንድ የቡና ድርጅት ተቀጥሮ ይሠራል። ደብረ ብርሃን ያሉት እናትሽ «ልጅቷን ላኪልኝ፣ ጡቷንም እዚሁ አስጥላታለሁ፣ አንቺም በሰላም ታርሰሽ ትነሻለሽ» ብለውሻል። ልላክ ወይስ ይቅር? ጡትስ አሁኑኑ ላስጥል? ፖፖ ማስለመዱንስ ከመውለዴ በፊት ልጨርሰው? ልጅቷን ማንሳትስ እችላለሁ? ነው ያልሽው።

ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ነው። ታናሹ ሲወለድ ታላቁ ሁለት ዓመቱን ገና መድፈኑ ነበር፤ የእኔም ዘመዶች ሩቅ ናቸው። አቋሜን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ ልጅቷን አትላኪ። ለልጅቷ መሄጃ ያሰብሽውን ገንዘብ ለእናትሽ መሳፈሪያ አድርጊውና እርሳቸው ይምጡ።

እናትሽ ክፉ አልመከሩሽም። በእነርሱ ዘመን ብዙ ልጅ በዚሁ መንገድ አድጓል፤ አያት ቤትም ፍቅር አይጎድልም። ችግሩ ያለው ልጅቷ ዕድሜ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ «ሁለት ወር ብቻ ነው» የሚባል ነገር አይገባትም። የምታውቀው እናቷ አጠገቧ አለመኖሯን ነው። ስትመለስ ደግሞ በእናቷ እቅፍ ውስጥ ሌላ ልጅ ታገኛለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት ጎረቤቴ ልጇን አያቷ ዘንድ ልካ ከአራስነቷ ስትነሣ አስመጣቻት። ልጅቷ ከመኪና እንደወረደች አያቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች፤ እናቷ እጇን ዘርግታ ስትጠራት እንደ ባዕድ አየቻት። ቀስ በቀስ ተላመዱ፣ ነገር ግን የዚያች እናት እንባ እስካሁን አይረሳኝም። ርቀቱንም አስቢው። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን ሌላ 130 አለ። ሌሊት «እማዬ» ብላ ብታለቅስ አራስ ሆነሽ ሄደሽ አታመጫትም።

እናትሽ መምጣት ያለባቸው ደግሞ ከወለድሽ በኋላ ሳይሆን ጥቅምት ላይ፣ ከመውለድሽ በፊት ነው። ልጅቷ ከእርሳቸው እጅ መጉረስ፣ በእርሳቸው ጀርባ መታዘል፣ ከእርሳቸው ጋር መተኛት የምትለምድበት ጊዜ ያስፈልጋታል። አንቺ ሆስፒታል የምታድሪበት ሌሊት የመጀመሪያዋ እንዳይሆን። ኅዳር ደግሞ እዚህ የቡና ለቀማ ወቅት ነው። ባለቤትሽ በጠዋት ወጥቶ ሲመሽ የሚገባበት ጊዜ ላይ ነው የምትወልጂው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አባት ሚስቱ ስትወልድ የሚያገኘው 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። ለአራስ ቤት 3 ቀን ምንም አይደለም። ስለዚህ ከዓመት ፈቃዱ ላይ ጥቂት ቀን ቆጥቦ ለዚያ ሰሞን እንዲይዝ፣ ለአለቃውም ሥራው ሳይደራረብ፣ ከአሁኑ እንዲነግር አድርጊ።

ጡቱን በተመለከተ «የእርጉዝ ወተት ልጅ ያከሳል፣ ሆድ ያበላሻል» የማይልሽ ሰው አይኖርም። ወተቱ አይበላሽም። እርግዝናው ጤነኛ ከሆነ ማጥባትሽ ጽንሱንም አይጎዳውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ እንዲጠባ ይመክራል። ደም ከታየሽ፣ በፊት ያለጊዜው ምጥ መጥቶብሽ ከነበረ ወይም መንታ ከሆነ ግን ክትትል የምታደርጊበት ጤና ጣቢያ ሳትጠይቂ አትቀጥይ። የሚለወጠው መጠኑና ጣዕሙ ነው፤ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ወተቱ ስለሚቀንስ አንዳንዱ ልጅ ራሱ ይተዋል። የጡትሽ ጫፍ ቆስሎ፣ ድካሙም በርትቶብሽ ማስጣል ከፈለግሽ ደግሞ መብትሽ ነው፤ ማንም አይፍረድብሽ። ግን እሬት አትቀቢ። የምትወደው ነገር በድንገት መረራት፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሕፃን ሲጠባው ልታይ ነው። የቀኑን አንድ በአንድ ቀንሺ፣ የሌሊቱን መጨረሻ አድርጊው፤ በመስከረም ካለቀ ሕፃኑ እስኪመጣ ትረሳዋለች። እስከ ኅዳር ከጠባች ግን እንገሩ ለአራሱ ነው፤ እርሱ ጠግቦ ሲተኛ ነው የእርሷ ተራ።

እየጠባችም እየተውሽም የአንቺ ምግብ መቅረት የለበትም። ለነፍሰ ጡር በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ፣ ለምታጠባ ሁለት ይባላል፤ አንቺ ሁለቱንም ነሽ። የልጅ ትርፍራፊ እየለቃቀሙ መዋል ምግብ አይባልም፤ ቁጭ ብለሽ ብዪ። የሚሰጡሽን የደም ማነስ መከላከያ ክኒን ከቡና ጋር አትውሰጂው፤ ቡናም ሻይም ሰውነትሽ እንዳይቀበለው ያደርጋሉ። እኔ ማታ ከብርቱካን ወይም ከዘይቱን ጋር ነበር የምውጠው። ጅማ ተቀምጦ ቡና ተዪ ማለት አይሆንልኝም፤ አቦሉን ጠጪና ቶናውንና በረካውን ለጎረቤት ተዪ። የቡናውን ሰዓት ግን ለሌላ ነገር ተጠቀሚበት። ጎረቤቶችሽ ሲሰበሰቡ ልጅቷን ከከሰሉና ከጀበናው ራቅ አድርገው ይያዙልሽ፣ አንቺ ጋደም በዪ። ዘመድ የለኝም ብለሻል፤ እዚህ ከተማ ዘመድ የሚገኘው ከቡናው ዙሪያ ነው፤ «ደክሞኛል፣ ያዙልኝ» ለማለት አትፈሪ።

ልጅቷን ስለማንሳት ጠይቀሻል። ሐኪም ካልከለከለሽ ማንሳት ይቻላል፤ ከወገብሽ ሳይሆን ከጉልበትሽ ጎንበስ በዪ። ሆድሽ ሲገፋ ግን ቁጭ በዪና እርሷ ትውጣብሽ። እቅፍሽን ከማጣት ይልቅ መቆምሽን ብታጣ ይሻላታል።

ስለ ሕፃኑ ንገሪያት፣ ግን በወርና በቀን አይደለም። «ዝናቡ ሲያቆም፣ አያትሽ ሲመጡ» በያት። ሲራገጥ እጇን ሆድሽ ላይ አድርጊላት። «አንቺ እኮ ትልቅ ልጅ ነሽ» የሚለውን ሁላችንም እንለዋለን፤ እባክሽ አታብዢው። ገና የ2 ዓመት ሕፃን ናት። ከወለድሽ በኋላ ሌሊት መነሣት፣ እንደ ሕፃን መንተባተብ፣ የተወችውን ጡት መጠየቅ ትጀምር ይሆናል። ይህ ባሕርይ መበላሸት አይደለም፤ አለሁ ወይ ብላ እየጠየቀችሽ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የአራስ ጠያቂ ነገር ነው። አንዱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ ሌላው «እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ» እያለ ገንፎና አጥሚት ይዞ ይመጣል፤ ፍቅሩ እውነተኛ ነው። ግን ሁሉም ትልቁን ልጅ አልፎ ወደ አልጋው ነው የሚያመራው። አንዳንዱም ልጁን ዓይን ዓይኑን እያየ «ተሻርክ!» ይለዋል። ታላቁ ልጄ ይህን ሲሰማ ምንም አላለም፤ ብቻ በሩ ጀርባ ሄዶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ በር ላይ እየተቀበለ «መጀመሪያ ታላቅየውን ሳሙልኝ» ማለት ጀመረ። አንድም የተቀየመ እንግዳ አላየሁም። ከመርካቶ ትንሽ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ገዛሁለትና ከአልጋዬ ጎን አስቀመጥኩት። ሳጠባ የእርሱ ቦታ ያ ነበር፤ ዳቦውን እዚያው ይበላል፣ ተረት እነግረዋለሁ። ሌላ ሰው ሊቀመጥበት ሲል «የኔ ነው» ብሎ ያስነሣ ነበር፤ እኔም አላስቆምኩትም። ለልጅሽ የራሷ የሆነ ቦታ ከአሁኑ አዘጋጂላት። ነገር ግን ብቻዋን ከሕፃኑ ጋር ትተሻቸው ለአፍታም አትውጪ። ከፍቅሯ የተነሣ የምትበላውን ዳቦ አፉ ውስጥ ልትከትበት ትችላለች።

የምጡን ነገር ቀደም ብለሽ አስቢው። ሁለተኛ ምጥ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ያጥራል፤ «ገና ነው» እያልሽ አትዘግዪ። ሌሊት የሚመጣ የባጃጅ ሾፌር ስልክ ያዢ፤ እናትሽ ካልደረሱ ልጅቷን የምትቀበለው ጎረቤት ማን እንደሆነች ለይተሽ ንገሪያት። ደም ከፈሰሰሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዘሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ ወይም ፊትሽ ካበጠ ደግሞ የቀጠሮ ቀን ሳትጠብቂ ሂጂ።

ፖፖውን ተዪው። ራሷ ከጠየቀችሽ እሰየው፤ ካልጠየቀች በዚህ ክረምት፣ ልብስ ታጥቦ ለቀናት በማይደርቅበት በጅማ ሐምሌ፣ ሆድሽን ይዘሽ ከእርሷ ጋር አትታገይ። አሁን ብትለምድ እንኳ ሕፃኑ ሲመጣ መልሳ ልትተወው ትችላለች። ጥር ላይ ፀሐዩ ይጠነክራል፣ የታጠበው በአንድ ከሰዓት ይደርቃል፣ የለቀማው ጥድፊያም ጋብ ስለሚል ባለቤትሽ በጊዜ ይገባል፤ ያን ጊዜ ጀምሪ።