ተጎድቻለሁ፣ ሩጫውን ልተወው? ለአንዲት የ19 ዓመት ሯጭ የተሰጠ መልስ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። የ5,000 ሜትር ሯጭ ነሽ፤ ከአሰላ አካባቢ መጥተሽ አዲስ አበባ ክለብ ከገባሽ ሁለተኛ ዓመትሽ ነው። ቅልጥምሽን ካመመሽ ሦስት ወር፣ ወር አበባሽ ከቆመ ስድስት ወር አልፏል። ክብደት ለመቀነስ እራትሽን በሻይ ታልፊያለሽ፣ ሌሊት አትተኚም፣ አሰልጣኝሽ «ሰንፈሻል» ይልሻል፣ ቤተሰብ ብር ይጠብቃል። እንደምንም ልሩጥ፣ ከ11ኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ትምህርት ልቀጥል ወይስ ዱባይ አክስቴ ጋ ልሂድ? ትያለሽ።

እህቴ፣ ከሦስቱ አንዱንም በዚህ ወር አትወስኚ። እንቅልፍና ምግብ ያጣ ሰው ሁሉም በር የተዘጋ ይመስለዋል።

የጻፍሽልን አራት ችግር ሳይሆን አንድ ነው። የምትበይው ለልምምዱ ሳይበቃ ሲቀር ሰውነት ቁጠባ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ከሚያቆማቸው ነገሮች አንዱ ወር አበባ ነው። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲወርድ አጥንት ይሳሳል፣ በየቀኑ የሚደርስበትን ምት መጠገን ያቅተውና ይሰነጠቃል። ይኸው የጉልበት እጥረት እንቅልፍን ያውካል፣ ሆድ ያስብሳል፣ ያነጫንጫል። ይህ ስንፍና አይደለም። በሯጮች ዘንድ «ወር አበባ መቅረቱ የጥሩ ልምምድ ምልክት ነው» የሚባለው ወሬ ብዙ ልጆችን ጎድቷል፤ አትስሚው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ቅልጥምሽን ብቻ አታሳዪ። ህመሙን፣ ወር አበባሽን፣ አበላልሽንና እንቅልፍሽን አንድ ላይ ንገሪ። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስንጥቅን ላያሳይ ስለሚችል «ራጁ ንጹህ ነው» ከተባልሽና ህመሙ ካልተወሽ ስለ ኤምአርአይ (ራጅ ያላሳየውን ስንጥቅ ሊያሳይ የሚችል የምስል ምርመራ) ጠይቂ። ደም ማነስና የብረት ክምችት ማነስ እንዳለ የሚያሳዩት የሄሞግሎቢንና የፌሪቲን የደም ምርመራዎችም ይታዘዙልሽ። የእርግዝና ምርመራ ቢጨመር አትደንግጪ፤ ወር አበባዋ ለቀረባት ሴት ሁሉ የተለመደ ነው። እስከዚያው ወገሻ እንዳያሽሽ፤ ስንጥቅ ላይ የሚያርፍ እሽት ያባብሰዋል። ህመም ማደንዘዣ ወስደሽም አትሩጪ፤ የሚጠፋው ማስጠንቀቂያው እንጂ ጉዳቱ አይደለም። ከምግብ ጋር ሻይና ቡና አትጠጪ፣ በምግቡ ያለው የብረት ማዕድን ከሰውነትሽ ጋር በደንብ እንዳይዋሃድ ያግዳሉ፤ አንድ ሰዓት ያህል አራርቂያቸው። በጾም ሽሮውንና ምስሩን ከወትሮው አብዢ፣ እራት ግን አይታለፍ።

ስለ አእምሮሽ። የሚያስደስትሽ ነገር ጠፍቶ ወይም ሆድሽ ብሶ አብዛኛውን ቀን ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ሕክምና ይገባሻል። ባለሙያው ምናልባት በአማርኛም የሚሠራበትን የ9 ጥያቄ መመዘኛ ይሰጥሻል፤ ከጠቅላላው 27 ነጥብ ውስጥ 10 ወይም ከዚያ በላይ ሲመጣ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይደረጋል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ስሙን ሰምተሽ አትሽሺ፤ ለእንቅልፍ ማጣትና ለጭንቀት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ለምታምኛት ጓደኛሽ ነግረሽ አብራችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ብቻሽን አትደሪ።

ለአሰልጣኝሽ የሐኪሙን ወረቀት ይዘሽ ቅረቢ። «አልችልም» ከማለት «እስከዚህ ቀን መሮጥ ተከልክያለሁ፤ በዚህ ጊዜ የምሠራውን ይስጡኝ» በዪው። ሐኪሙ ከፈቀደ ቋሚ ብስክሌትና የሆድና የዳሌ ማጠንከሪያ ይሠራል። ከቡድኑ አትጥፊ፤ ልምምዳቸው ላይ ሰዓት ያዢላቸው፣ ምሳ አብረሻቸው ብዪ። የተጎዳ ሯጭን ከህመሙ በላይ የሚጎዳው ክፍሉን ዘግቶ የሌሎችን ውጤት በስልክ ሲያይ መዋል ነው። ሕክምናውን ማን እንደሚከፍል፣ ደመወዝሽም ይቀጥል እንደሆነ ውልሽን አንብበሽ ክለቡን በጽሑፍ ጠይቂ።

ስንጥቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሩጫ የለም። ከዚያ 30 ደቂቃ ያለ ህመም መራመድ ስትችዪ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አራት ደቂቃ እርምጃ እያልሽ ቀን እየዘለልሽ ትጀምሪያለሽ። ውሳኔሽን ለዘጠኝ ወር አቆዪውና ያኔ ሩጫውን ለመቀጠል ወይም ለመተው የምትመዝኚበትን ዛሬ ጻፊው፦ ወር አበባሽ ተመልሷል? ሙሉ ልምምድ አራት ተከታታይ ሳምንት ያለ ህመም ሠርተሻል? ከተመለስሽ በኋላ በሦስተኛው ውድድርሽ ለቀድሞ ሰዓትሽ ከ15 ሰከንድ ባነሰ ቀርበሻል? የመጀመሪያውን ውድድር አትቁጠሪው፤ ፍርሃቱ ብቻ ሰዓት ይበላል።

ትዕግሥት አሰፋ በ2016 ሪዮ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር ከሮጠች በኋላ በተረከዝ ጅማት ጉዳት ከመም ርቃ ነበር። ወደ ጎዳና ሩጫ ዞራ በ2023 በርሊን ማራቶንን በ2:11:53 አሸንፋ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ይህን የጠቀስነው አንቺም ትደርሺያለሽ ለማለት አይደለም፤ አብዛኛው ሯጭ አይደርስም። በ19 ዓመት የደረሰ ጉዳት ግን የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ትምህርቱ ዘጠኙን ወር አይጠብቅ። በሚቀጥለው ምዝገባ 11ኛ ክፍልን በማታ ቀጥዪ፤ የጠዋት ልምምድሽን አይነካም። 12ኛን ካለፍሽ ስፖርት ሳይንስ ወይም ፊዚዮቴራፒ ልትማሪ ትችያለሽ፣ የአሰልጣኝነት ኮርስም አለ።

ዱባይን የምታነሽው ለብሩ ነው። የቤት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች፤ ባልዳነ አጥንትና ባልታከመ ጭንቀት ከቤተሰብ ርቀሽ ይህን መጀመር አደጋ ነው። ለአባትሽ ግን እውነቱን ዛሬ ደውለሽ ንገሪው። «አባዬ፣ እግሬ ተጎድቷል፤ እስከ ዘጠኝ ወር ብር አልልክም፣ ሕክምናና ትምህርት ላይ ነኝ» በዪው። መናገሩ ከከበደሽ በቤተሰብ ዘንድ የሚደመጥ አጎት ወይም የቀድሞ አሰልጣኝሽ አብሮሽ ይደውል።