ኢንሹራንሱ የወንድምሽን ቴራፒ ካቋረጠ ዝም አትበሉ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ ወንድምሽ በስራው ኢንሹራንስ ለድብርት ቴራፒ ጀምሮ ሳይጨርስ "ከዚህ በላይ አያስፈልገውም" የሚል ደብዳቤ ላኩበት፣ ይሄ አሜሪካ ውስጥ ይፈቀዳል ወይ ነው ያልሽው። እኛም ቤት ደርሷልና የማውቀውን ልንገርሽ።

ህጉ ፓሪቲ (እኩልነት ማለት ነው) ይባላል፣ በፈረንጆቹ 2008 ነው የወጣው፣ ዌልስቶንና ዶሜኒቺ በሚባሉ ሁለት ሴናተሮች ስም፣ አንዱ ዴሞክራት አንዱ ሪፐብሊካን። የዌልስቶን ወንድም የዶሜኒቺ ደግሞ ልጁ በአእምሮ ህመም የተሰቃዩ ናቸው፣ ስለዚህ ሁለቱም ከቤታቸው ያውቁታል። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ ይሄ ህግ ለብቻው "የአእምሮ ህክምና ሸፍኑ" አይልም፣ ከሸፈናችሁ ለሌላው ህመም ከምታጠብቁት በላይ አታጥብቁ ነው የሚለው። ስለዚህ ማወዳደር አለብሽ።

ባለቤቴ በዛው ኢንሹራንስ ለወገቡ ፊዚካል ቴራፒ ሲመላለስ ማንም ፈቃድ አምጣ አላለውም፣ ለጭንቀቱ ሲሆን ግን በየጥቂት ቀጠሮው ቴራፒስቷ ፎርም ሞልታ ፋክስ ካላደረገች አይከፍሉም፣ አንዴ ፈቃዱ ዘግይቶ ቀጠሮው ተሰረዘበትና ሰውየው ከዛ በኋላ አልሄድም ብሎ ስንት ለመንኩት። እኔም አፒሉ (ይግባኙ) ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ጻፍኩላቸው። እምቢ ያላችሁበትን መስፈርት ላኩልኝ፣ ለሌላ ህክምና የምትጠቀሙበትንም፣ ሁለቱን ያወዳደራችሁበትን ትንታኔም አልኩ፣ ይሄን ትንታኔ አዘጋጅተው እንዲይዙ ከ2021 ጀምሮ ህግ ያስገድዳቸዋል። በስልክ ሲያመላልሱኝ የከረሙት ሰዎች በጽሁፍ ሲጠየቁ ድምጻቸው ተለወጠ፣ በመጨረሻም ፈቀዱለት። ይሄን ህግ ለማስፈጸም በ2024 የወጣውን ጠበቅ ያለ ደንብ መንግስት በ2025 ለጊዜው አላስፈጽምም ብሏል፣ ይሄን ሰምተሽ ግን ተስፋ እንዳትቆርጪ፣ ዋናው ህግ እንዳለ ነው።

አፒል ለማስገባት ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ 180 ቀን አለው። እንደገና እምቢ ካሉ ከኢንሹራንሱ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ገምጋሚ እንዲያየው በ4 ወር ውስጥ መጠየቅ ይችላል። ወንድምሽ ውክልና ፎርም ይፈርምልሽ፣ አለዚያ አንቺን አያናግሩሽም። ቴራፒስቱም ለምን መቀጠል እንዳለበት ይጻፍለት፣ ከሁሉ የሚሰራው እሱ ነው።

ኤችአርን (የመስሪያ ቤቱን የሰራተኞች ጉዳይ ክፍል) ደግሞ ፕላኑ ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይ፣ ማለትም የህክምናውን ወጪ የሚከፍለው አሰሪው ራሱ ነው ወይ ብሎ ይጠይቅ፣ የግል ድርጅት ሆኖ ሰልፍ ፈንድድ ከሆነ አቤቱታው ለሌበር ዲፓርትመንት (ለፌደራሉ የሰራተኛ ጉዳይ መስሪያ ቤት) ነው፣ ወጪውን የሚከፍለው ኢንሹራንስ ኩባንያው ከሆነ ደግሞ ለስቴታችሁ ኢንሹራንስ መስሪያ ቤት። ምን እንዳመመው ለኤችአር መንገር አይጠበቅበትም። ይሄን የምለው የኛ ሰው አለቃዬ ሰምቶ እንደ እብድ ያየኛል ብሎ ስለሚፈራ ነው፣ በዚህ ምክንያት መብቱን ትቶ ቤቱ የተቀመጠ ስንቱን አውቃለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል።

ደብዳቤው ላይ ምክንያት ብለው የጻፉትን ስሙን አጥፍተሽ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።