ምዕራብ ለሚያይ ሕንፃ ሙሉ መስታወት? የኔ መልስ ይኸውና

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሰሚት አካባቢ ከወንድሞችሽ ጋር ጂ+5 ልትሠሩ ነው። ፊቱ ዋና መንገድ ነው፤ ወደ ምዕራብ ያያል። አርክቴክቱ ፊቱን በሙሉ መስታወት እናልብሰው ብሏችኋል፤ ወንድሞችሽም ወደውታል። አንቺ ደግሞ "ስንት ኤሲ ያስፈልገናል? መብራቱስ ይችላል ወይ?" ብለሻል። ከሥር የመለሱልሽ ሰዎች የትኛው ኤሲ እንደሚሻል ነው የነገሩሽ። እኔ ኤሲውን ለጊዜው ተዪው እልሻለሁ። ችግሩ መስታወቱ ነው።

ይህን የምለው ሁለት ሕንፃ አጠገብ ሆኜ ስላየሁ ነው። አንዱን በአክሲዮን ሠራነው፤ እኔ ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። ሙሉ መስታወት ነው፤ ዛሬም ገንዘብ ይበላል። ሌላው የቤተሰባችን ነው፤ ከመሠረቱ ጀምሮ ራሴ ቆሜ አሠርቼዋለሁ። አንድም ኤሲ የለውም። ተከራይ ሲለቅ ክፍሉን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አይጠፋም።

1. መጀመሪያ ፕላኑ ላይ ሰሜንን የሚያሳየውን ቀስት ፈልጊ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙም አትርቅም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ትንሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ። ስለዚህ ሰሜንና ደቡብ ቀላል ነው። 1 ሜትር ተኩል ቁመት ላለው መስኮት በሰሜን በኩል 40 ሴንቲ ሜትር የምትወጣ ጥላ የእኩለ ቀኗን ፀሐይ ትመልሳለች። በደቡብ በኩል 1 ሜትር ገደማ ብታወጪ ለታኅሣሥም ይበቃሻል። የምሥራቅ ፀሐይ የጠዋት ናት፤ የኛ አገር ጠዋት ብርድ ስለሆነ ማንም አይጠላትም። ምዕራብ ግን ሌላ ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትመጣለች። ከመስኮቱ በላይ የምታወጪው ጠባብ ጥላ ብዙም አያግዳትም። ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ሲሞቅ ውሎ በደከመበት ሰዓት ነው የምትገባው።

የአክሲዮኑ ሕንፃ ፕላን ላይ ቀስቱ ነበር። ግን ለደንብ ያህል የተቀመጠ ነው። ያንኑ ዲዛይን፣ የበሩ ቦታ እንኳ ሳይቀየር፣ ሌላ ክፍለ ከተማ ውስጥ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ቆሞ አግኝቼዋለሁ። እዚያ ያሉት ሰዎች ተመችቷቸዋል። እኛ የከፈልነው ግን ለኛ መሬት ይሠራልናል ብለን ነበር።

2. የኤሲውን ሒሳብ ራስሽ ሥሪው። ባለ 18 ሺህ ቢቲዩ ኤሲ ሲሠራ 1.7 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። 40 ክፍል ካላችሁ 68 ኪሎ ዋት ነው። ሊፍቱ፣ የውሃ ፓምፑና መብራቱ ገና አልተቆጠሩም። ያን ጊዜ የራሳችሁን ትራንስፎርመር አስገቡ ልትባሉ ትችላላችሁ። ጄኔሬተሩም በዚያው ልክ ትልቅ መሆን አለበት፤ ነዳጁም እንደዚያው። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለ4 ዓመት እንዲቀጥል ተደርጎ ነው የተሻሻለው። ዛሬ በምታውቂው ዋጋ የሠራሽው ሒሳብ ሕንፃው አልቆ ሲከራይ አይሠራም።

3. ለወንድሞችሽ መስታወት ምን እንደሚያደርግ አስረጃቸው። ተራ 6 ሚሊ መስታወት ከፀሐይ ሙቀት ከአሥሩ ስምንቱን እጅ ያስገባል። ወለሉ፣ ጠረጴዛው፣ መደርደሪያው ይሞቃል። እነሱ መልሰው የሚለቁት ሙቀት ግን በመስታወቱ አልፎ አይወጣም። እዚያው ይታመቃል። አንጸባራቂው ሰማያዊ መስታወት ሙቀቱን ይቀንሳል፤ ብርሃኑንም አብሮ ይቀንሳል። ተከራዩ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ ይሠራል። ሁለት ድርብና ሙቀት መላሽ ቅብ ያለው መስታወት አለ፤ ጥሩ ነው። ግን የዋጋ ማቅረቢያው ላይ "ከርተን ዎል" (ፊቱን የሚያለብስ የመስታወት ግድግዳ ማለት ነው) ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የሚመጣልሽ እሱ አይደለም።

የአክሲዮኑ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ መድኃኒት ቤት ተከራይቶ ነበር። ጥሩ ሰው፣ ኪራዩን ቀድሞ የሚከፍል። አንድ ቀን ከሰዓት ጠራኝና መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠውን ቴርሞሜትር አሳየኝ። ከ30 ዲግሪ አልፏል። ውጪ ሰው ሹራብ ለብሶ ይሄዳል። ከመድኃኒቶቹ አንዱን አንስቶ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አስነበበኝ፤ ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። መስታወቱን በካርቶንና በመጠቅለያ ወረቀት ሸፍኖታል። ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣንበት "ዘመናዊ" ፊት ከመንገድ ሲታይ ካርቶን ነው። ሰውየው ለመክፈት ሞከረ፤ ከርተን ዎሉ እንዲከፈት አልተሠራም። ከላይ ጠባብ ተከፋች አለች፤ የማትደረስ። በመጨረሻ ለቀቀ። አልፈርድበትም። ከሱ በኋላ የገባው ኤሲ ልግጠም አለ፤ ሌላውም ልግጠም አለ፤ ፊቱ በሙሉ የኤሲ ሳጥን ሆነ። ቆጣሪው እየወረደ ሁሉም እኔን ይጠራኛል።

ይህ የማይታወቅ ነገር አልነበረም። ዲዛይኑ ሲጸድቅ ስብሰባ ላይ ምዕራቡ ላይ ይሄን ሁሉ መስታወት ለምን ብዬ ጠይቄያለሁ። አማካሪው "አንተ የሒሳብ ሰው ነህ፤ ዲዛይኑን ለባለሙያ ተው" አለኝ። ሰብሳቢያችንም ከቦሌ ሕንፃዎች ማነስ የለብንም አለ። ጭብጨባ ሆነ። ቃለ ጉባኤው ላይ ጥያቄዬ እንዲመዘገብ አድርጌያለሁ፤ ዛሬም አለ። አማካሪው ግን ክፍያውን ጨርሶ ከወሰደ በኋላ ስልክ ማንሳት ትቷል።

ሌላም አለ። ሁለት መስታወት ተሰነጠቀ። ልንቀይር ስንል ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይመራ ተባለ፤ ከ57 ብር ላይ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የመስታወቱም የአልሙኒየሙም ዋጋ አብሮ ወጣ። ከፍለን ስንፈልግ ያው ቀለም ጠፋ። አሁን ሁለቱ ቦታ ከሩቅ ይለያል። ከውጭ በሚመጣ ዕቃ የተሸፈነ ፊት እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ጥገና ከምንዛሪ ጋር ይቆጠራል። ደግሞ በፎቁ ወለል ጠርዝና በመስታወቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት በደንብ መደፈኑን አስፈትሺ። እኛ ጋ ስላልተደፈነ የታችኛው ፎቅ ሰው ወሬ ላይኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል። ድምፅ ካለፈ በእሳት ጊዜ ጭስም ያልፋል።

አሁን ወደሚሠራው ልምጣ። የቤተሰባችን ሕንፃ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ እንዳንቺ። አርክቴክቷ ወጣት ናት። መጀመሪያ መሬቱን ከሰዓት በኋላ መጥታ አየችው፤ ፀሐይዋ የት እንደምትገባ ለማየት ቆማ ጠበቀች። ያን ጊዜ ነው ይቺ ሥራዋን ታውቃለች ያልኩት። ደረጃውን፣ ሊፍቱን፣ መጸዳጃውንና ዕቃ ቤቱን ወደ ምዕራብ አመጣቻቸው። ሰው ለሰዓታት የማይቀመጥበት ክፍል ሙቀቱን ይቀበል፤ ቢሮው ከኋላው ይጠለል። ምድር ላይ ያሉት ሱቆች መንገዱን ማየት ስላለባቸው ፊታቸው ላይ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው በረንዳ ሠራች። በዝናብ ጊዜ መንገደኛው ሁሉ እዚያ ይጠለላል፤ ሱቆቹ ደንበኛ አገኙበት። ከላይ ያለው የምዕራብ ግድግዳ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር የፑሚስ ብሎኬት ነው፤ ፑሚስ ቀላልና ሙቀት ብዙም የማያስተላልፍ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ። መስኮቱ ከግድግዳው ሩብ አይሞላም፤ በያንዳንዱ መስኮት ጎን ወደ ውጭ የሚወጣ የቆመ የኮንክሪት ጥላ አለ፤ ትንሽ ወደ ሰሜን የዞረ።

ይህ ጥላ ነው መከራ ያሳየን። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ጥላው 60 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ክፍት መተው ያለበት ቦታ ውስጥ ገባ አለ። እሺ፣ ደንብ ከሆነ ደንብ ነው። ግን የመሥሪያ ቤቱ የአገልግሎት መስኮት ላይ የነበረው ሠራተኛ ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ ወርውሮልን "ይሄ ክንፍ ምን ያደርጋል? እንደ ሰው መስታወት አድርጉና ጨርሱ" አለ። አርክቴክቷ ስለ ፀሐይ ማስረዳት ስትጀምር "ፀሐይ እኔን አይመለከተኝም" ብሎ ቀጣዩን ጠራ። እሷ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ ግን ያን ቀን የተናደድኩት ንዴት እስካሁን አለ። የሚቃጠለውን መስታወት ማንም ሳይጠይቅ ያሳልፋሉ፤ ጥላ ይዘሽ ስትሄጂ ተጠያቂ ነሽ። ብዙ ተመላልሰን አንድ አስተዋይ ቡድን መሪ አገኘን። መፍትሔው ጥላውን ማንሳት ሳይሆን ግድግዳውን 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ መሳብ ሆነ። ፊቱ 12 ሜትር ስለሆነ በየፎቁ 7 ካሬ ያህል ሄደብን። ወንድሞቼ ጮኹ። ዛሬ አይጮኹም፤ የኤሲም የትራንስፎርመርም ወጪ የለባቸውም።

ስለዚህ ጥላውን ከመጀመሪያው ስኬች ጀምሮ ከተፈቀደላችሁ ወሰን ውስጥ አስይዢው። በኋላ የሚጨመር ጌጥ ካደረጋችሁት መጀመሪያ የሚወድቀው እሱ ነው።

4. ሕንፃው ከፊት እስከ ኋላ ስንት ሜትር እንደሚሆንም ጠይቂ። ብርሃን ከመስኮቱ የላይኛው ጫፍ ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ነው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው። መስኮቱ 2.4 ሜትር ላይ ካለቀ 5 ሜትር ገደማ። መሬቱን ልሙላ ብለሽ 20 ሜትር ጥልቀት ካደረግሽው መካከሉ ዕድሜ ልኩን መብራት በርቶ ነው የሚኖረው። እኛ በደረጃው በኩል ከላይ ብርሃን አስገባን፤ የጣሪያው ጎኖች አየር ማስወጫ አላቸው። የሞቀ አየር በዚያ ይወጣል። በየቢሮው መስኮት ከላይ ወንፊትና ብረት ያለው ጠባብ አየር ማስገቢያ አለ፤ ሌሊትም አይዘጋም። የአዲስ አበባ ሌሊት በየትኛውም ወር ቀዝቃዛ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘ ሶሌታና ግድግዳ ቀን ሙቀቱን ይውጠዋል። ለዚህ ግን ኮንክሪቱን በኮርኒስ ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑት።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ሐራሬ ውስጥ ኢስትጌት የሚባል ትልቅ የቢሮና የገበያ ሕንፃ አለ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፣ ሚክ ፒርስ የሚባል አርክቴክት የሠራው። በሌሊት ቀዝቃዛ አየር በማራገቢያ ያስገባሉ፣ ኮንክሪቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀን የሞቀው አየር በጣሪያው ጭስ ማውጫዎች ይወጣል። እንደ ሌላው ሕንፃ በኤሲ አይደለም የሚቀዘቅዘው። ሐራሬ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ ከ2,300 በላይ ነን። እነሱ ከቻሉ እኛ ምን ይከለክለናል? እዚሁ ልደታ ያለውን ልደታ መርካቶ የሚባል የገበያ ሕንፃ ደግሞ ወንድሞችሽን ይዘሽ ሄደሽ እዪው። ዣቪዬር ቪላልታ የሚባል ስፔናዊ አርክቴክት ነው የነደፈው። ውጪው መስታወት ሳይሆን ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሉት የኮንክሪት ግድግዳ ነው፤ ንድፉ ከአገራችን ጥልፍና ጥበብ የተወሰደ። ያንን አይተው ሙሉ መስታወት ካልሆነ አያምርም ካሉ ሌላ ጉዳይ ነው።

የመጨረሻውን ፎቅ እንዳትረሺ። ቆርቆሮው ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተትና ሙቀት መከላከያ ከሌለው እዚያ ያለ ተከራይ አይቆይም።

አርክቴክቱ "ይህ ሁሉ ግምት ነው" ካላችሁ ኤጅ በሚባለው የዓለም አቀፉ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን መለኪያ አስሉት በሉት። ሶፍትዌሩ በነፃ ነው የሚገኘው። የመስታወቱን መጠን፣ ጥላውን፣ የግድግዳውን ዓይነት ስታስገቢ ከተለመደው ሕንፃ በምን ያህል እንደሚሻል ያሳያል። ለማረጋገጫ የሚጠይቀው በኃይል፣ በውሃና የግንባታ ዕቃውን ለማምረት በሚወጣው ኃይል ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ነው። ማረጋገጫውን ባትፈልጉም ቁጥሩ ስብሰባ ላይ ይጠቅምሻል። እኔ ያን ጊዜ ቢኖረኝ "የሒሳብ ሰው ነህ" ብሎ ማንም ዝም አያሰኘኝም ነበር።

የዲዛይን ውሉን ገና ካልፈረማችሁ ሦስት ነገር አስገቡበት፦ የአራቱም ፊት ጥላ በታኅሣሥና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ስዕል፣ በየፎቁ ሊከፈት የሚችለው መስኮት ስፋት፣ የመስታወቱ ዓይነት በስሙና በውፍረቱ። የመጨረሻው ክፍያ እነዚህ ሳይመጡ እንዳይወጣ። የምዕራቡን ፊት ስዕልና ከወሰን የምትርቁበትን ልክ እዚህ ለጥፊልን፤ ሳትፈርሙ እናየዋለን።